እስኪበርድ ማንም አይንካው

ውሃ ብረት ይሰነጥቃል እንዴ? ወይዘሮ ውባለም ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ይህን ጥያቄ ከነጭ ሽንኩርቱ ልጣጭ ጋር ሲያገላብጡት ቆዩ፤ መልስ ግን አላገኙለትም። ብረት ይዝጋል፤ እሱን ያውቃሉ። የጓሮው ቆርቆሮ በስቷል፣ የሽንት ቤቱ በር ማጠፊያ በዝገት ተበልቶ ወድቋል፣ ግን ለዚያ ስንት ክረምት ፈጅቶበታል። በአንድ ሌሊት ውሃ ብረት ሰነጠቀ የሚል ነገር ስምንተኛ ክፍል እስኪደርሱ ድረስ በሳይንስ አልተማሩም፤ በክር ፋብሪካው መዝገብ ቤት በሠሩባቸው ሃያ ሁለት ዓመታትም ሰው ሲያወራው አልሰሙም። ደግሞስ ያ ውሃ ዝም ብሎ ውሃ ነው? ከቁስቋም ማርያም በገዛ እጃቸው ቀድተው፣ በሃይላንድ ፕላስቲክ ሞልተው፣ ከአልጋቸው ራስጌ ያኖሩት ጠበል ነው። ጠበል ይፈውሳል እንጂ ይሰብራል ብሎ የነገራቸው ቄስ የለም።

ወጥ ቤቱን ከሳሎኑ የሚለየው ግድግዳ ቺፑድ ስለሆነ ከወዲያ የተወራው ሁሉ ከወዲህ ይሰማል። ከወዲያ ልጃቸው ጀቤሳና ያ ፊሊሞን የሚባለው ባለመኪና ተቀምጠዋል። እግራቸው ሥር፣ ወይዘሮ ውባለም ለፋሲካ ያሳጠቡት ምንጣፍ ላይ፣ ካርቶን እንኳን ሳይነጠፍለት፣ ትልቅ ሳህን የመሰለ የፍሬን ዲስክ ተጋድሟል። ከመሐሉ እስከ ጠርዙ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወርዶበታል። ጠዋት ፊሊሞን መኪናዋን ይዞ ወጥቶ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ነበር መሪዋ እጁ ላይ እየተንቀጠቀጠ የተመለሰው፤ ጀቤሳ የፊት ጎማዎቹን ሲያወልቅ የቀኙ ዲስክ ተጣሞ፣ የግራው እንደዚህ ሆኖ ተገኘ።

«ጥፋቱ የስሌቱ ነው፤ ስሌቱ ደግሞ የልጅቷ ነው» ይላል ጀቤሳ። «እኔ ግዛ ያለችኝን ገዛሁ፣ ግጠም ያለችኝን ገጠምኩ፣ አለቃ።»

«አባቴ ወረቀት ነው የሚፈልገው። የማን ስሕተት እንደሆነ ተጽፎ፣ ተፈርሞ። አለዚያ መኪናዋን ይሸጣታል።»

«ትፈርማለች። አጎቷ አይደለሁ እንዴ? ትፈርማለች በቃ።»

አለቃ! ወይዘሮ ውባለም የሽንኩርቱን ቢላ ጣባው ላይ ጣሉት። አርባ ስድስት ዓመት የሞላው፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ጋራዥ አለኝ የሚል ሰው፣ አፉን ሞልቶ ሕፃኑን «አለቃ» ይላል። አባቱ ነፍሱን ይማረውና ባጫ፣ ከሱሉልታ እንጨት ጭኖ ሲወርድ ለመንገድ ጠባቂ እንኳን ባርኔጣውን አንሥቶ አያውቅም ነበር። ይህኛው ግን ብር የሸተተው ቦታ ሁሉ ወገቡ ይታጠፋል። ስለምን እንዲህ ዓይነት ልጅ እንደወለዱ እግዚአብሔርን ጠይቀው አያውቁም፤ መልሱ ደስ እንደማይላቸው ስለሚያውቁ ነው።

ፊሊሞንስ? ፊሊሞን ለሰላምታ ጣቶቹን ብቻ የሚያውስ ልጅ ነው። ሠላሳ ሊሞላው ነው፤ ሥራው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገራቸው የለም። ጀቤሳ «ቢዝነስ» ይላል፤ ምን ዓይነት ሲሉት «የቤተሰብ» ይላል። መኪናዋ ያላት በር ሁለት፣ የምትጭነው ሰው ሁለት፣ ድምፅዋ ግን የአራት አውቶብስ ነው። ከሆዷ እስከ መሬት አንድ ስንዝር ስለማይሞላ የግቢያቸውን በር ድንጋይ እንድታልፍ ጀቤሳ ወርዶ ሳንቃ ያነጥፍላታል፣ እንደ ሙሽራ። በጉለሌ መንገድ ላይ ለመንዳት እንዲህ ያለ መኪና የሚገዛ ሰው ብር ይትረፈረፈው እንጂ ሌላው ሁሉ ጎድሎታል ማለት ነው፤ የወይዘሮ ውባለም ሐሳብ ይኸው ነው፤ ማንም ስላልጠየቃቸው ግን አልተናገሩትም።

ሥራው የርሆቦት ነበር። የልጅ ልጃቸው፣ እጃቸው ላይ ያደገችው፣ መካኒካል ኢንጂነሪንግ የተመረቀችው ርሆቦት፣ ከእሳቸው ጋር በምትጋራው መኝታ ክፍል ውስጥ ሦስት ወር ሙሉ ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራ ለዚያች መኪና አዲስ ፍሬን ስትነድፍ ከረመች። ዲስኩ ከድሮው በአራት ጣት የሰፋ፤ ዲስኩን ከግራና ከቀኝ የሚነክሰው መንጋጋ፣ እነሱ ካሊፐር የሚሉት፣ ከሌላ ከባድ መኪና የመጣ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ማያያዣ ብረት ደግሞ በሷ ስዕል ሸጎሌ ቶርኖ ቤት የተቆረጠ። ወይዘሮ ውባለም መጀመሪያ አካባቢ አላግጠውባት ነበር፤ «ለማቆም ይህን ያህል ከተለፋ፣ ቀድሞውኑ መሮጥ ምን አስፈለገ?» እሷ ስቃ፣ «ፍሬን ማቆም አይደለም፣ እማ ውቤ፤ ሩጫውን ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። የኔ ሥራ ያ ሙቀት የት እንደሚሄድ ማወቅ ነው» አለቻቸው። ስለ ሙቀት እንዲህ የምታስብ ልጅ ሻይዋን ሁልጊዜ በረዶ አድርጋ ነው የምትጠጣው። ፊሊሞን በሦስት ወር ውስጥ ስለዚህ ሁሉ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ካሊፐሩ ቀይ ይቀባል አይደል?» የፊቱ ብቻ ከበረታ መኪናዋ ኋላዋ እንደሚከዳት፣ የኋላውም አብሮ መሻሻል እንዳለበት ርሆቦት ስታስረዳው፣ «የኋላውን ማን ያየዋል?» ብሎ መለሰላት። እሷ ግን እምቢ ብላ የኋላውን ማያያዣ ለማስቆረጥ ዛሬ በጠዋት ወደ ሸጎሌ ሄዳለች። ስለ ስንጥቁ ገና አልሰማችም።

ሰኞ ደግሞ ቀጠሮ አላት። አንድ የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ ይህን ሥራዋን ይዛ እንድትቀርብ ጠርቷታል፤ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሲሆናት እንዲህ ብሎ የጠራት የመጀመሪያው ነው። ከፋብሪካው ባለድርሻዎች አንዱ የፊሊሞን አባት ናቸው። ያ ወረቀት ተፈርሞ አባትየው እጅ ገባ ማለት፣ ሰኞ ቀረ ማለት ነው። ይህን ለመረዳት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም።

ትናንት ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ነበር ርሆቦትና ፊሊሞን መኪናዋን ይዘው እንጦጦ የወጡት። ቁልቁለቱን ደጋግመው ሊወርዱ፣ በየመታጠፊያው ፍሬን ሊይዙ፣ ሙቀቱን በመሣሪያ ሊለኩ። ወይዘሮ ውባለም ያን ሰዓት እንዴት እንዳሳለፉት እሳቸውና እመቤታችን ያውቃሉ። ሦስት ጊዜ በር ድረስ ወጥተው ተመለሱ፤ አንዴ አንቡላንስ ሲያልፍ ሰምተው ግድግዳ ይዘው ቆሙ። አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ያ የአራት አውቶብስ ድምፅ ሲመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ እልል ሊሉለት ምንም አልቀራቸውም። ርሆቦት ፊቷ በርቶ ወረደች። «ያዘ፣ እማ ውቤ! አሥሩንም ጊዜ ያዘ!» አለች፤ ወደ ቤት እየሮጠች ደግሞ ዞር ብላ ለሁሉም፣ «እስኪበርድ ማንም አይንካው!» ብላ ጮኸች። ወይዘሮ ውባለም ሰምተዋል። የገባቸው ግን እንደ ድስት ነው፤ ይፋጃል፣ እጅ ያቃጥላል። እጃቸውን አላስነኩም። ልጅቷ ቁጥሮቿን ለመጻፍ ስትገባ፣ ፊሊሞንና ጀቤሳ ከበር ውጪ ሲጋራ ሲያጨሱ፣ ጠበላቸውን ይዘው ብቅ አሉና በአራቱም ጎማ ላይ፣ በቸርኬው ሽንቁር እያሾለኩ፣ «በስመ አብ» እያሉ አፈሰሱ። የኋላዎቹ ሽው ብለው ዝም አሉ። የፊቶቹ ግን ጮኹ። እንደ ሰው ጮኹ፤ ነጭ እንፋሎት ተነሣ። በጠበሉ ቦታ፣ ውሃው ሲያርፍበት የሚጮኸው ማን እንደሆነ ወይዘሮ ውባለም ያውቃሉ፤ በዓይናቸው አይተዋል። ክፉ ነገር ሲለቅ ይጮኻል። ስለዚህ ለፊቶቹ ደገሙላቸው፤ ለግራው፣ ርሆቦት የተቀመጠችበት በኩል ለመሰላቸው፣ ሠለሱለት። ከዚያ ገቡ፤ ያን ሌሊትም፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ሳይገላበጡ ተኙ።

ጣባውን ከድነው ነጠላቸውን አነሡ። ከወረቀቱ በፊት ልጅቷን ማግኘት አለባቸው፤ ነግረዋት፣ እሷ እንደምታውቅ ታድርገው። በሳሎኑ ሲያልፉ ጀቤሳ ቀና ብሎ፣ «የት ነው እማዬ?» አላቸው። «ምስር ልገዛ» አሉት። ፊሊሞን ቀና አላለም፤ ጫማ ያደረገ እግሩን የሻይ ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ስልኩን በአውራ ጣቱ ይገፋል።

ሸጎሌ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ያዙ። በሁለተኛው ታክሲ ውስጥ ሁለት ሰዎች ስለ በግ ዋጋ ይከራከሩ ነበር፤ አንደኛው በኅዳር እንዲህ ከሆነ ለገና በግ የሚያርደው ባንክ ብቻ ነው አለ፤ ተሳፋሪው ሳቀ፤ ረዳቱ ደግሞ ሳቁን ተጠቅሞ የሰውን መልስ ሊሸመጥጥ ሲል ወይዘሮ ውባለም ያዙት። አምስት ብር ናት፤ ግን አምስት ብር የሚሸመጥጥ ሰው በልቡ ምን ያህል እንደሚሸመጥጥ ማን ያውቃል? በመንገድ ላይ ንግግራቸውን ሠርተው ጨርሰው ነበር። «ርሆ፣ ልጄ፣ አንድ ነገር አድርጌያለሁ» ብለው ሊጀምሩ ነው። ቀላል ነው። ስምንት ቃል አይሞላም።

ያሕያ ቶርኖ ቤት ከከብት ገበያው በላይ፣ በቆርቆሮ የተሠራ ጠባብ ቤት ነው፤ ዘይትና የተቃጠለ ብረት ይሸታል። ርሆቦት መነፅር አድርጋ፣ ሹራቧን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ ከማሽኑ ጎን ቆማለች። ያሕያ የሚባለው ባለቶርኖ፣ ጢሙ በብረት ብናኝ የሸበተ ሰው፣ ሲያያቸው ማሽኑን አጠፋ። «እማማ! ኢንጂነሯን ሊቆጣጠሩ መጡ? ልክ ነዎት። እኔን ለፀጉር ስፋት ብላ አንገቴን ልትቆርጠኝ ነው። ሠላሳ ዓመት ስሠራ ያልሰማሁትን ልክ ነው የምታመጣብኝ!»

«ልክ ያልሆነውን ልክ አይደለም ነው ያልኩት» አለች ርሆቦት፤ ግን እየሳቀች ነው። ከዚያ ወደ አያቷ ዞረች። «ምን ሆነሽ መጣሽ፣ እማ ውቤ? ደህና ነሽ?»

ያን ጊዜ ነበር መናገር። ወይዘሮ ውባለም አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ያሕያ፣ እንዲያው... ብረት ሲግል ውሃ ቢነካው ምን ይሆናል?»

«እንደ ብረቱ ነው፣ እማማ» አለ ያሕያ፣ ጠያቂ በማግኘቱ ደስ ብሎት። «ይሄንን» አለ የሚቆርጠውን እየመታ፣ «ይሄንን ውሃ ያጠነክረዋል። በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ የፍሬን ዲስክ፣ ግሎ ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ ካገኘው እንደ ሻይ ብርጭቆ ነው። ጧ! ወይ ይጣመማል ወይ ይሰነጠቃል። ምነው?»

«ድስት ነው። ድስት ተሰንጥቆብኝ ነው።»

«ድስታችን አልሙኒየም አይደለም እንዴ?» አለች ርሆቦት። መልስ ከመስጠታቸው በፊት ስልኳ ጮኸ። ጀቤሳ ነው። ርሆቦት አዳመጠች፤ «የቱ?» አለች፤ «ከየት እስከ የት?» አለች፤ ከዚያ ዘጋችው። መነፅሯን አውልቃ፣ ስዕሎቿን ጠቅልላ፣ ያሕያን «የኋላውን አቁመው» አለችው። ፊቷን ላየው ያሕያ ቀልድ አልመጣለትም።

ሲመለሱ ታክሲው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከሸጎሌ እስከ ሽሮ ሜዳ ያለው መንገድ ሥራ ላይ ነው፤ ሃያ ደቂቃ የነበረው ሃምሳ ሆነ። ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ የልጅቷ ጉልበት ጉልበታቸውን ይነካል፤ ወረቀቱ ላይ በእርሳስ ትደምራለች፣ ትሰርዛለች፣ እንደገና ትደምራለች። ስሕተቷን እየፈለገች ነው። የሌላትን ስሕተት፤ ሃያ አምስት ዓመት ባልሞላው ጭንቅላቷ ውስጥ ያቺን ያልነበረች ስሕተት ትቆፍራለች፤ መልሱ ግን አጠገቧ ነጠላ አጣፍቶ ተቀምጧል። ወይዘሮ ውባለም የሽሮ ሜዳን የጋቢ ሱቆች ሲያልፉ ሦስት ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በሦስተኛው ርሆቦት፣ «ጉንፋን ይዞሻል? ማታ ሻይ በዝንጅብል አፈላልሻለሁ» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ጉሮሯቸውንም መጥረግ ተዉ። ጀቤሳን ፈሪ ሲሉት ኖረዋል። ከማን እንደወረሰው ታክሲው ውስጥ ገባቸው፤ ከባጫ አልነበረም።

ስምንት ሰዓት አለፍ ሲል ደረሱ። ሳሎኑ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ የፒዛ ካርቶን ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ሥጋና ፎርማጆ ያለው፣ በዕለተ ዓርብ፣ በእሳቸው ቤት። የፊሊሞንስ ይሁን፤ ጀቤሳም እያላመጠ ነው። ከካርቶኑ አጠገብ አንድ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ አለ። ርሆቦት ለሁለቱም ሰላም ሳትል ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች፤ በስንጥቁ ላይ ጥፍሯን አሳለፈች፤ ዲስኩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብላ አየችው። ተነሥታ ወደ ግቢ ወጣች፤ የወለቀውን ጎማ ገልብጣ ከውስጥ በኩል አየች፤ ስትመለስ እጇ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ነበር።

«ውሃ ነክቶታል» አለች። «ግሎ ሳለ ውሃ ነክቶታል። ጠብታው ቸርኬው ላይ ደርቆ አለ። ሰማያዊውን ነጠብጣብ እዚህ ጋ እዩት። ስሌቱ ልክ ነው።»

«ከየት የመጣ ውሃ?» አለ ጀቤሳ። «ኅዳር ነው። ሰማዩ ሲጠራ ሳምንቱ።»

«መኪናዋን ያጠባት አለ?»

«ማንም አላጠባትም። ኧረ ተይ አሁን፣ ርሆ። ሰው ይሳሳታል፤ ነውር አይደለም። ጥሩ አድርገሽ ሞክረሻል።»

«ኢንጂነር» አለ ፊሊሞን፣ ጣቶቹን በወረቀት እየጠረገ፤ «አንድ መስመር ናት እኮ። ‹የዲዛይን ስሕተት ነው።› ስም፣ ፊርማ፣ አለቀ። እኔም ወደ ቤቴ፣ አንቺም ወደ ኮምፒውተርሽ። ሌላ ቀን ብስክሌት ትነድፊልኛለሽ።» ጀቤሳ ሳቀ። ሳቁ ከቀልዱ ቀድሞ ነው የደረሰው።

ርሆቦት እጇ ላይ ያለውን ነጭ ነገር እያየች ቆየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ቀና አለችና በወጥ ቤቱ በር ላይ የቆሙትን አያቷን አየቻቸው። ድስቱ። የያሕያ ቤት ጥያቄ። ወይዘሮ ውባለም በልጅቷ ዓይን ውስጥ ነገሩ አንድ በአንድ ሲገጣጠም አዩት፤ ስሌት እንደምትሠራው ነው የሠራችው፤ ሲያልቅ ደግሞ ዓይኗን መልሳ ዲስኩ ላይ ጣለች። ልትናገር እንዳልሆነ አዩ። ይህ ነው ያንገበገባቸው፤ እነዚህ ሁለት ወንዶች ፊት፣ አንዱ የገዛ ደማቸው፣ አንዱ ብር ያበላሸው፣ ይህች ልጅ ለእሳቸው ብላ ዝም ልትል ነው።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«ምኑ እማዬ?» አለ ጀቤሳ።

«ውሃውን ያፈሰስኩት። ትናንት፣ እንደመጡ። የቁስቋም ጠበል ነው። ለደህንነታቸው ብዬ። ጮኸ፤ ክፉ ነገር የለቀቀ መሰለኝና ደገምኩት። ልጅቷ ምንም ጥፋት የለባትም። ማንም አይንካው ብላ ነበር፤ ያልሰማሁ እኔ ነኝ።»

ፊሊሞን ሳቀ። ወደ ኋላ ተደግፎ፣ ሆዱን ይዞ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ጮኸ! ዲስኩ ለቀቀ! እ... እማማ፣ ይቅርታ፣ ማለቴ...» ብሎ ሳይጨርስ ስልኩን አወጣ። ቀጥ አድርጎ ያዘው፤ ወደ እሳቸው አዞረው። «እማማ፣ በናትዎ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ። ቀስ ብለው። ‹ጮኸ› ያሉትን ደግሞ እንዴት እንደጮኸ አድርገው ያሳዩኝ።»

ወይዘሮ ውባለም ሞኝ አይደሉም። ለምን እንደሚቀርጻቸው ያውቃሉ፤ የጎረቤት ልጆች በስልክ ምን እያዩ እንደሚስቁ ሳያዩ አልኖሩም። ግን ደግሞ የተቀረጸ ነገር ማስረጃ ነው፤ መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ማስረጃ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ስልኩን ትክ ብለው አዩ። «ስሜ ውባለም ዘውዴ ይባላል» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ፍርድ ቤት እንደቆመ ሰው። «የሰባ አንድ ዓመት ሴት ነኝ። ትናንት ሐሙስ፣ ኅዳር...»

«እማዬ ተይ!» ጀቤሳ ብድግ አለ። «ማኅበርተኞችሽ ምን ይላሉ? የማርያም ጠበል ብረት ሰበረ ብላ ተናገረች ነው የሚሉሽ! ቁስቋም ደጅ በምን ዓይንሽ ነው የምትቆሚው?»

«ለአባትህ አሳየው» አሉት ፊሊሞንን፣ ልጃቸውን ሳያዩ። «ወረቀት ፈልገው የለ? ይኸው ከወረቀት የበለጠ።»

«ለአባቴ?» አለ ፊሊሞን፤ ስልኩ በሳቁ ይንቀጠቀጣል። «ይሄ እኮ ለአገር ነው፣ እማማ! እስከ ማታ ሚሊዮን ሰው ያየዋል። ይቀጥሉ፣ ይቀጥሉ፤ ኅዳር ስንት?»

ርሆቦት ሁለት እርምጃ ተራመደችና መዳፏን ስልኩ ላይ አሳረፈች። በዲስኩ ጥቁር የቆሸሸ መዳፏን፣ የካሜራውን ዓይን ሙሉ በሙሉ ሸፍና።

«አጥፋው።»

«እንዴ! ማስረጃሽ ነው እኮ። ነፃ የሚያወጣሽ።»

«አጥፋው አልኩህ።»

ፊሊሞን ሳቁን ገታ አድርጎ አያት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምር አያት፤ ገበያ ላይ ዕቃ እንደሚያይ ሰው። ከዚያ በአገጩ ወደ ጠረጴዛው አመለከታት። «ወረቀቱ እዚያ ነው። ፈርሚ፣ ይጠፋል።»

«አትፈርሚ!» አሉ ወይዘሮ ውባለም። «ርሆ፣ እንዳትፈርሚ! ይሳቁ! እኔ ላይ ሰው ቢስቅ ምን እሆናለሁ? ስንት ዓመት ልኖር ነው? ሰኞን አስቢ። ልጄ፣ ሰኞን አስቢ!»

ርሆቦት የፒዛውን ካርቶን ገፋ አድርጋ ጎንበስ አለች። ስዕሎቿ ጥግ ላይ ስሟን እንደምትጽፈው፣ በጥንቃቄ፣ ፊደሎቹን ሳታቆራርጥ፣ ስሟን ከነአባቷ ጻፈች፤ ፈረመች፤ ቀኑን እንኳን አልዘነጋችም። እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ጋር ትይዩ አድርጋ አስቀመጠችው። ፊሊሞን በአውራ ጣቱ ስልኩን ነካ ነካ አድርጎ ወደ እሷ አዞረላት። «ጠፋ። እዪው። እኔ ቃሌን የማጥፍ ሰው አይደለሁም።» ጀቤሳ ወረቀቱን አንሥቶ አነበበው፤ በቅባት ጣቱ ለሁለት አጠፈው፤ «ጎበዝ» አለ፤ ማንን እንዳለ አልታወቀም።

ወይዘሮ ውባለም አንድ ነገር ትለኛለች ብለው ጠበቁ። ለምን አልነገርሽኝም ብትላቸው፣ ታክሲው ውስጥ ሃምሳ ደቂቃ ምን ስታደርጊ ነበር ብትላቸው፣ ብትሰድባቸው እንኳን ደስታቸው ነበር። ርሆቦት ግን ሹራቧን ወደ ታች አወረደችና በፊታቸው አለፈች። ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አደረገች፤ ማሰሪያውን ቀስ ብላ አሰረች፣ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን።

«የት ነው፣ ርሆ?» አሉ። «ምሳ አልበላሽም እኮ።»

«አኮረፈች» አለ ፊሊሞን፣ የቀረችውን ቁራጭ እያነሣ።

የፊት ጎማዎቿ ወልቀው በድንጋይ ላይ በቆመችው መኪና ጎን ርሆቦት ሳታያት አለፈች። የግቢው በር ሲከፈት ተሰማ፤ ሲዘጋ ግን አልተሰማም።